የሁዌፋ የብረት አልጋ

ቀጥቃጩ አዪዶቴ የዓለምን ሥራ ሁሉ ለሁለት ከፍሎ ጨርሷል፤ ብረት የሚነካ ሥራና ብረት የማይነካ ሥራ። ብረት የማይነካውን ሰው አይንቅም፤ ያዝንለታል እንጂ። የሚንቀው ብረት ላይ ውሃ የሚያፈስን ሰው ነው። ዝገትን የወለደው ማነው? ውሃ ነው። ታዲያ የጠላቱን እናት ቤቱ የሚያስገባ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይላል።

ስለዚህ ሁዌፋ የምትባል ሴት ከቀጥቃጭ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቀዩ መንገድ ማዶ፣ ሞተር ማጠቢያ የከፈተች ዕለት አዪዶቴ መዶሻውን አስቀምጦ ምራቁን ጢቅ አደረገ። አቦሜ ሰፊ ከተማ ናት። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ሰፈር ትታ እሱ ደጃፍ ላይ መምጣቷ ከንቀት በቀር ሌላ ትርጉም አልታየውም። እውነቱን ለመናገር የመጣችው የውሃ ቧንቧው እዚያ ጋ ስለተዘረጋ ነው። ግን ይህን ደፍሮ የሚነግረው አልተገኘም። ሰፈሩ ሁሉ «ዳ» ይለዋል፤ የዘሩ አውራ ነውና፤ አውራን ደግሞ ማንም ተነሥቶ አያርምም።

ነገር ግን ዓይን የባለቤቱን ትእዛዝ አይሰማም። አዪዶቴ ወናፉን እያናፋ ዓይኑ መንገዱን ይሻገርበት ጀመር። መጀመሪያ ያየው አልጋውን ነው። ሁዌፋ «አልጋ» የምትለው ቁመቱ ከጉልበት ዝቅ የሚል፣ ባለ አራት እግር የብረት ማዕቀፍ ነው። በላዩ ላይ ከአሮጌ የበቆሎ ወፍጮ የተፈቱ ሁለት ድቡልቡል ብረቶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ጫፍና ጫፋቸው ኩሽኔታ ውስጥ ስለገባ በጣት ሲነኳቸው ይሾራሉ። የሞተሩ የኋላ ጎማ እዚያ ላይ ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ ንቅንቅ ሳይል ጎማው ባለበት ይሮጣል። ሌላው አጣቢ ሞተሩን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እየገፋ፣ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ይውላል። ሁዌፋ ግን በርጩማዋ ላይ ተደላድላ በግራ እጇ ጎማውን ታሾራለች፣ በቀኝ እጇ ብሩሿን ትደግናለች። ቆሻሻው ራሱ ወደ ብሩሹ ይመጣላታል።

ብሩሾቹም የዋዛ አልነበሩም። በቸርኬው ሽቦዎች መሐል የሚገባው ከኮኮናት ቃጫ የተጠመጠመ፣ የበቆሎ እሸት የሚያህል ነው። የካቴናው ብሩሽ ሦስት ፊት አለው፤ ካቴናውን ከላይ፣ ከታችና ከጎን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል። ለጎማው እምብርት ደግሞ ጣት የማይደርስበት የሚደርስ፣ አንገቱ የተቆለመመ ቀጭን አለ። ውሃውን የምትረጨው ገበሬ ለጥጥ መድኃኒት በሚረጭበት፣ በጀርባ በሚታዘለው መርጫ ነው፤ አፍንጫውን አጥብባ ውሃው ቀጭን ሆኖ እንዲወጋ አድርጋዋለች። ከአልጋው ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል እንደ ገንዳ ተጋድሟል። ከጎማው የሚወርደው ጭቃ፣ ግራሶና ዘይት እዚያ ይጠራቀማል። ሲያልቅ የረጠበውን ቸርኬ በረጅም ጨርቅ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው ትወለውለዋለች። ጨርቁ ሲያፏጭ አዪዶቴ ቤት ድረስ ይሰማል።

አዪዶቴ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አጥንቷል። ለሰው ሲያወራ ግን «ያቺ አንቡላ የምታፈሰው ሴትዮ» ነው የሚላት። አንድ ቀን የጀመረውን መጥረቢያ ረስቶ፣ ቀኝ እጁ የሌለ ብሩሽ ጨብጦ አየር ላይ ሲያሽ ያዘው። በቁጣ ወደ ጉጠቱ መለሰው። በሆዱ ግን አልጋውን የበየደውን ሰው ረገመው፤ የግራው የኋላ እግር ብየዳ አያምርም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አስቦ እንዲህ አድርጎ መበየድ ነውር ነው አለ ለራሱ።

አዪዶቴ ያለው አንድ ልጅ ዳንሱ ነው። ዳንሱ በሞተር ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። በዚያ ሰሞን አሮጌውን ሞተር ሸጦ አዲስ ገዛ፤ የፊቱም የኋላውም ፍሬን ባለ ዲስክ የሆነ፣ ጎረቤት እየዞረ ያየው።

አዲስ ብረት እንዲሁ ዝም ብሎ ቤት አይገባም። የብረት ጌታ ጉ ነው። ቢላውም የሱ፣ መኪናውም የሱ፣ ሞተሩም የሱ ነው፤ ሳያስፈቅዱት የነዱትን ብረት አንድ ቀን ይጠይቅበታል። አዪዶቴ በቀጥቃጭ ቤቱ ጥግ፣ የአያቶቹ አሮጌ ብረት በተከመረበት የጉ ማደሪያ ፊት ሞተሩን አቆመው። ዶሮ አረደ። የዘንባባ አረቄ በአፉ ሞልቶ እፍ አለበት። ከዚያ ቀዩን የዘንባባ ዘይት በቅል አነሣ። ሌላ አባት ቢሆን መሪው ላይ አንድ ጠብታ፣ መብራቱ ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ይበቃው ነበር። ግን ምራቱ ሴናሚ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ እናቷ ቤት የሚወስዳትም ይኸው ሞተር ነው። ዘይት የሚሰሰትበት ቀን አልነበረም። የፊቱን ጎማ በዶሮው ላባ ነካ ነካ አደረገና ቅሉን እንዳለ ወደ ኋላው ጎማ ይዞ ሄደ፤ ሴናሚ የምትቀመጠው ከሱ በላይ ነውና። ዘይቱ በዲስኩ፣ በሽቦዎቹና በእምብርቱ ላይ እየቀላ ሲወርድ አዪዶቴ ሆዱ ባባ።

«ጉ ሆይ፣ ይህ ብረት ደም አይጥማው። የሚጠጣውን ይኸው አጠጥቼዋለሁ» አለ።

ዳንሱንም «ገበያው ዞሮ እስኪመጣ ውሃ እንዳይነካው» ብሎ አዘዘው።

በማግሥቱ ዳንሱ ከሰው ማድረስ ሲመለስ አባቱ ደጃፍ ላይ ሊቆም ፍሬን ያዘ። ሞተሩ አልቆመም። ደጃፉን አልፎ የከሰሉን ክምር ገመሰ፣ የጋለ ብረት የሚነከርበትን ገንዳ ገለበጠ፣ ከዚያ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። ዳንሱ ከሰል ለብሶ ተነሣ።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ተጫወተብኝ» አለ እየሳቀ።

«አልለመደህማ። አዲስ በሬም እንዲሁ ነው» አለ አዪዶቴ። «ጉ የተሰጠውን ሲቀበል ትንሽ ይጫወታል።»

ማዶ ሁዌፋ ብሩሿን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መንገዱን ተሻገረችና በአገሩ ወግ አዪዶቴ ፊት ተንበረከከች።

«ዳ፣ እንዴት አደሩ? ቤትዎ እንዴት አደረ? እሳትዎ እንዴት አደረ?»

«እሳቴ ደህና ነው። ውሃሽ እንዴት አደረ?» አለ አዪዶቴ። ሰላምታ ሳይሆን ሽሙጥ ነበር።

«ውሃውም ደህና ነው። ዳንሱ ነገ ሚስቱን ይዟት ይሄዳል ሲሉ ሰማሁ።»

«ሰማሽ? ጆሮሽ መንገድ ይሻገራል ማለት ነው።»

«ወደ ኩፎ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ይዞ ነዋ የሚሄደው።»

«ታዲያ ወንዝ ያለው ተራራ ላይ ነው?»

ዳንሱ ሳቀ። ሁዌፋ ግን አልሳቀችም።

«ዳ፣ ዘይቱ ፍሬኑ ውስጥ ገብቷል» አለች። «እንደ ድሮው ሞተር ፍሬኑ ተሸፍኖ የተቀመጠ አይደለም፤ ዲስኩ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ሁለት ትናንሽ ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይዘው ነው የሚያቆሙት። አሁን ሸራዎቹ ዘይት ጠጥተዋል። በዘይት እጅ ዓሣ ይያዛል?»

«የፊቱ አለልኝ» አለ ዳንሱ።

«የፊቱ አለህ። ቁልቁለት ላይ፣ ያ ሁሉ ጠጠር ባለበት፣ የፊቱን ብቻ ስትይዝ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ?»

ዳንሱ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የፊቱ ጎማ ይቆማል፣ ሞተሩ ያሽቀነጥራል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው በራስ ላይ ያልፋል። ሳቁ ጠፍቶ ወደ አባቱ ዞረ።

«እኔ ልጠበው» አለች ሁዌፋ። «ዋጋም አልጠይቅ።»

«አሃ» አለ አዪዶቴ። ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ የሚያውቁት ሰዎች ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ይፈሩታል። «ለጉ የሰጠሁትን በሳሙና ልታወርጂው ነው። ከዚያስ? መንገድ ላይ ይፈሳል። ፍየል ይረግጠዋል፣ ሰካራም ይሸናበታል። የልጅ ልጄ ጸሎት እኮ ነው እዚያ ላይ ያለው። ሂጂ ወደ ባልዲሽ።»

ሁዌፋ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ተነሥታ ሄደች። መሐል መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ «የኔ ውሃ መንገድ ላይ አይፈስም፣ ዳ» አለች። አዪዶቴ እንዳልሰማ ሆኖ ወናፉን አነሣ።

«አባባ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» አለ ዳንሱ። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ልጁ ተከራክሮ ቢሆን ኖሮ አዪዶቴ ያን ቀን እፎይ ብሎ በዋለ ነበር። ክርክር የለመደው ነው፤ ይቆጣል፣ ይረታል፣ ይረሳል። የልጁ እሺታ ግን እንደ እሾህ ውስጡ ቀረ። ቀትር ላይ ሴናሚ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ አካሳና የተጠበሰ ዓሣ አምጥታለት ግንዱ ላይ ቁጭ አለች። ሆዷ ወርዷል፤ የቤቱ ሴቶች ከነገ አትለፊ ብለዋታል።

«አባባ፣ አዲሱ ሞተር መቀመጫው ሰፊ ነው አሉ» አለች። «እኔና ልጅዎ ከነሆዴ እንበቃለን?»

«ትበቃላችሁ» አለ አዪዶቴ። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

እሷ ከሄደች በኋላ ተነሥቶ ሞተሩ ጋ ሄደና ዲስኩን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው። ጣቶቹ ያለ አንዳች ድካም ተንሸራተቱ። አዪዶቴ ዕድሜ ልኩን መቀስ ሲሠራ ማጠፊያውን ዘይት የሚቀባው ለምንድነው? ብረት በብረት ላይ እንዲንሸራተት ነው። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አቦሜ ውስጥ የለም። ትናንት ቅሉን ሲያነሣ ግን ያየው ጉን ብቻ ነው፤ ዲስኩን አላየም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አለ በልቡ። ዘይቱ ከታጠበ የጉ ጥበቃ ይሄዳል። ካልታጠበ ፍሬኑ ሄዷል። በሁለቱም በኩል ያለችው ሴናሚ ናት። ያን ማታ አዪዶቴ እሳቱን ሳያዳፍን ቤቱ ገባ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ጠዋት ሁዌፋ ብሩሾቿን ስትደረድር ጥላ ወደቀባት። ቀና ብትል ዳ አዪዶቴ ነው። እዚያ ከመጣች ጀምሮ መንገዱን ተሻግሮ አያውቅም። ከኋላው ዳንሱ ሞተሩን እየገፋ ቆሟል።

«እስቲ ያንን አልጋሽን ልየው» አለ አዪዶቴ። «ውሃ ግን እንዳታመጪ። ጎማው ብቻ ይሩጥና ጉ ራሱ ይናገር።»

ሁዌፋ አልጋውን በጨርቅ ጠርጋ፣ የፊቱን ጎማ በድንጋይ አስደግፋ፣ የኋላውን ድቡልቡሎቹ ላይ አወጣችው። ዳንሱ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። ጎማው መሮጥ ጀመረ። አዪዶቴ በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ድቡልቡሎቹ ያለ ኳኳታ፣ እንዴት በልስላሴ እንደሚሾሩ ከማየት አልቦዘነም። ከመንገድ ማዶ እንዲህ አይታይም ነበር።

«ያዝ» አለ።

ዳንሱ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው መሮጡን አልተወም። ጭራሽ ከዲስኩ ላይ አንድ ቀይ የዘይት ክር ተወርውሮ በአዪዶቴ ጨርቅ ላይ፣ ከትከሻው እስከ ሆዱ ተሰመረበት።

«በደንብ ረግጠኸዋል?»

«ቆሜበታለሁ፣ አባባ።»

ሞተሩ ጠፋ። አዪዶቴ የሁዌፋ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ጨርቁን አላየም፤ አልጋው ሥር ያለውን ገንዳ ነው የሚያየው። ከጎማው የተንጠባጠበው ዘይት እዚያ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ ተሰብስቧል።

«ይሄ ሲሞላ የት ይሄዳል?» አለ።

«እስኪጠልል ይቆያል። ዘይቱ ለብቻ ይወጣል፤ ውሃው ለብቻ። የጎረቤት የጉድጓድ ውሃ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ገንዳውን ያኖርኩት።»

«መንገድ ላይ አይፈስም?»

«ጠብ አይልም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎታለሁ፣ ዳ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ።»

አዪዶቴ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ። ለጉ የተሰጠን ነገር ሌላ ሰው ሊያነሣው አይችልም። የሰጠው ሰው ግን ይቅርታ ጠይቆ፣ አንዲት ጠብታ ሳያባክን፣ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ብረት ሊያዛውረው ይችላል። አባቱ በአንድ የተሰበረ ማረሻ ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አይቷል። ይህን ነገር እንዴት እስካሁን እንዳላሰበው ገረመው። ኩራት የተቀመጠበት ራስ ውስጥ ሌላ ነገር መቀመጫ አያገኝም።

«የተንጠባጠበውን እኔ በቅል ልቅዳና ገንዳውን ባዶ አድርጊልኝ» አለ። «እጠቢው። ከዚያ ብሩሽ ስጪኝ። የምትይኝን አደርጋለሁ፤ እጅሽ ግን ዘይቱን እንዳይነካ።»

ዳ አዪዶቴ በሁዌፋ አልጋ ፊት ተንበረከከ። ሰፈሩ ሊያይ ወጣ። አንዱ ሞተረኛ ሊስቅ አፉን ከፈተና የአዪዶቴን አስተያየት ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሁዌፋ በስተቀኙ ቆማ መርጫውን አዝላለች፤ ዳንሱ ጎማውን በእጁ ያሾራል።

«ከላይ ነው የሚጀመረው» አለች። «ጥቁሩን ሳሙና ትንሽ። አይ፣ ዳ፣ መጥረቢያ አይደለም፤ አይቀጥቅጡት። ብሩሹን ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ጎማው ይምጣልዎት።»

«እጄ ያውቀዋል» አለ አዪዶቴ።

«መቼም እዚያ ማዶ ሆነው ሲለማመዱ ነው የከረሙት።»

አዪዶቴ ዘወር ብሎ አያት። ለካ ሴትዮዋም ዓይን አላት። ሊቆጣ ፈልጎ ሳቅ ቀደመው፤ አንዴ «እህ» ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እጁ በእርግጥም አወቀው። የቃጫው ብሩሽ በሽቦዎቹ መሐል ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ቀይ አረፋ ሲወርድ፣ ባለ ሦስት ፊቱ ብሩሽ ካቴናውን ነክሶ ዝም ብሎ ሲይዝና ካቴናው ራሱን እያጠበ ሲያልፍ፣ አዪዶቴ እንዲህ ያለ ልክ ያለው ዕቃ በእጁ ከያዘ ብዙ ዘመን እንደሆነው ተሰማው። እያንዳንዱ ብሩሽ አንድ ቦታ ብቻ ያውቃል፤ ያንን ቦታ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንገቱ የተቆለመመውን አንሥቶ እምብርቱ ውስጥ ሲያስገባው ያ ያላየው ጎድጓዳ ቦታ ዘይቱን ጥርግ አድርጎ አስረከበው።

«ይሄን ያሰበ ሰው ብረት ያውቃል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«አሁን ዲስኩ ነው» አለች ሁዌፋ። «ሳሙና ብቻውን አይበቃውም። ኃይለኛ አረቄ ካለ ጠራርጎ ያነሣው ነበር።»

«ለጉ ካቀረብኩት ተርፏል» አለ አዪዶቴ። ዳንሱ ሮጦ የዘንባባውን አረቄ ጠርሙስ አመጣ። አዪዶቴ ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ ዲስኩን ጠረገ፤ አረቄው ዘይቱን እየፈታ ወደ ገንዳው ወረደ። ዲስኩ ፊት የሚያሳይ ሆነ።

ሁዌፋ ግን ፊቷ አልተፈታም። ፍሬኑን ፈትታ ሁለቱን ሸራዎች መዳፏ ላይ አደረገቻቸው። ቀልተዋል።

«እነዚህ ከላይ አይደለም የተቀቡት፤ ጠጥተዋል» አለች። «ውሃዬ ለእነዚህ አይደርስም። አዲስ መግዛት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው፤ ቦሂኮን ከተማ ያለው ሱቅ ዝግ ነው።»

ዳንሱ ወደ ቤቱ በር አየ። ሴናሚ የልጁን ጨርቆች ጠቅልላ፣ በሩን ተደግፋ ወገቧን ይዛለች።

«ወዲህ በያቸው» አለ አዪዶቴ። «ውሃ ያልደረሰበት እሳት ይደርስበታል።»

አሁን መንገዱን የተሻገረችው ሁዌፋ ናት። አዪዶቴ ሸራዎቹን ሰፊ ብረት ላይ አድርጎ ከእሳቱ ልብ ሳይሆን ከዳሩ አኖራቸው። ወናፉን ራሱ ያዘው፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚያናፋው። ወዲያው ሸራዎቹ ማላብ ጀመሩ። የዘንባባ ዘይቱ ጢስ ወጣ፤ ቀጥቃጭ ቤቱ ወጥ ወጥ ሸተተ። ሁዌፋ ከትከሻው በላይ አንገቷን አስግጋ ዓይኗን ሳታርገበግብ ታያለች።

«አይቃጠሉም?»

«ሳያቃጥሉ ማሞቅ ነው ሥራው። ማቃጠልማ ማን ያቅተዋል።»

ጢሱ ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ምንም ሲሆን በጉጠት አነሣቸው። ውሃ ውስጥ አልነከራቸውም፤ በራሳቸው ጊዜ እስኪበርዱ ጠበቀ። ከዚያ ጠፍጣፋው የመሳያ ድንጋይ ላይ ፊታቸውን አሸ፣ አሸ፣ በጥፍሩ ነካ፤ ጥፍሩ አልተንሸራተተም። ለሁዌፋ ሰጣት። እሷም በጥፍሯ ነክታ ራሷን ነቀነቀች።

«ለዛሬ ይበቃሉ» አለች። «ሱቁ ሲከፈት ግን አዲስ ይገዛል።»

«ይገዛል» አለ አዪዶቴ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ።

ፍሬኑ ተገጠመ። ጎማው አልጋው ላይ ወጣ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ድቡልቡሎቹ ሾሩ። የሰፈሩ ሰው ተጠጋ። ዳንሱ ረገጠ። ጎማው ቀጥ አለ፤ አልጋው ከመንገጫገጩ የተነሣ የግራው የኋላ እግር ብየዳ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል ዳንሱ ደግፎ ያዘው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴናሚ በሩ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ያን እግር ገና የመጣሽ ዕለት አውቄው ነበር» አለ አዪዶቴ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የበየደው?»

«እኔ ነኝ፣ ዳ።»

«አንቺ? አልጋውን ያሰበውስ?»

«እኔው ነኝ። ወገቤን ሲያመኝ ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩት።»

አዪዶቴ አልጋውን አየ፤ ድቡልቡሎቹን፣ ኩሽኔታውን፣ ገንዳውን፣ በተራ የተደረደሩትን ብሩሾች አየ። ከዚያ እሷን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ለሁለት ከፍሎ ያስቀመጠው ዓለም ውስጥ ይህችን ሴት የት እንዳስቀመጣት ትዝ አለውና አፈረ።

«ብየዳሽ አያምርም» አለ። «ሐሳብሽ ግን የቀጥቃጭ ነው።»

ከአዪዶቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ሁዌፋ ታውቀዋለች፤ ብሩሽ አንሥታ ማጠብ ጀመረች።

አዪዶቴ ሴናሚ የተፈናጠጠችበትን ሞተር እስከ ቁልቁለቱ አፍ በእግሩ ሸኘው። ዳንሱ ቀስ ብሎ ነድቶ ጠበቀው። «በሉ፣ በሰላም» ብሎ ሴናሚን ጀርባዋን ነካ አደረጋትና ቆሞ ቀረ። ሞተሩ ወረደ። ከመሐል ሲደርስ አንዲት ሴት የዘንባባ ፍሬ ተሸክማ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለችና መንገዱን ልትሻገር ገባች። ላዩ ላይ ጠጠር፣ ከጎኑ ገደል ነው። አዪዶቴ ሁለት እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። የኋላው ቀይ መብራት በራ። የኋላው ጎማ ጠጠሩን ነከሰ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወላገድ፣ ሴትዮዋ ፊት ቆመ። ሴትዮዋ ሰደበቻቸው መሰለ፤ እጇን ታወናጭፋለች። ዳንሱም ይቅርታ ጠየቀ መሰለ። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረዱ። አዪዶቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የሚያይ ሰው እንደሌለ አረጋግጦ አለቀሰ።

ሲመለስ ገንዳውን ከሁዌፋ ተቀብሎ በሁለት እጁ፣ ጠብ ሳያደርግ፣ እስከ ጉ ማደሪያ ድረስ ተሸከመው። በአያቶቹ ብረት ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው፤ ዘይቱን፣ አረቄውን፣ ሳሙናውን፣ በቅል የቀዳውንም ጭምር። «ያንተው ነው፣ መልሼልሃለሁ» አለ። «ልብህ አይቀየም። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ አልጋውን አስመጥቶ እግሩን በብየዳ ሳይሆን በጋለ ብረት ምስማር ሰፋው፤ ዝሆን ቢወጣበት እንዳይነቃነቅ አድርጎ።

ገበያው ዞሮ በመጣበት ቀን ዳንሱ አዲስ የፍሬን ሸራና ወሬ ይዞ ተመለሰ። ሴት ልጅ ናት፤ ሳንባዋ ወናፍ ነው አለ። ሰፈሩ እልል ሲል አዪዶቴ ጓዳ ገብቶ የዘንባባ ዘይት ቅሉን አንሥቶ ወጣ፤ መንገዱንም ተሻገረ። ሁዌፋ ቅሉን ስታይ ብሩሿን ጣል አድርጋ አልጋዋ ፊት ቆመች።

«ዳ፣ እልልታውን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ይሄንን ግን የት ሊያፈሱት ነው?»

«ዞር በይ። አውቃለሁ።»

ከኩሽኔታው ርቆ፣ ከድቡልቡሎቹ ርቆ፣ ራሱ በሰፋው በግራው የኋላ እግር ሥር ተንበረከከ። ጣቱን ነክሮ አንዲት ጠብታ ብቻ አደረገ።

«ጉ ሆይ፣ ይሄም ብረት ያንተ ነው» አለ። «ውሃ ቢነካውም።»

ከዚያ ጠብታዋ ወደ ላይ፣ ወደ ድቡልቡሎቹ እንደማትወጣ ቢያውቅም ተጠራጠረና፣ በሁዌፋ ጨርቅ ዙሪያዋን ጠራረገ።